ከግድግዳው ወደ ዶቃው፦ የካንሰር ሕዋስን ከደም የሚለዩ ሦስት ቺፖች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በደቃቅ ቅርጽ ሥራና በገጽ ኬሚስትሪ ላይ የሚሠማሩ ሰዎች ሁለቱን ሙያዎች ብዙውን ጊዜ ለያይተው ይማሯቸዋል። አንዱ ወገን ሲሊከንን እንዴት እንደሚቦረቡርና በማይክሮሜትር ልክ ቦይና ዓምድ እንዴት እንደሚያወጣ ይማራል፤ ሌላው ወገን በዚያ ቅርጽ ላይ የትኛው ሞለኪውል እንደሚተከል፣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማያስጠጋ ያጠናል። ሁለቱ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲገናኙ ግን የአንዱ ውሳኔ የሌላውን እጅ ያስራል። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በቦስተን ከተማ በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሠሩት፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሕዋሳትን የሚለዩት ቺፖች ናቸው።

ይኸው የምርምር ቡድን ከ2007 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት በመሠረታቸው የሚለያዩ ሦስት ንድፎችን አውጥቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መረጃው የተወሰደው ቡድኑ ራሱ ካሳተማቸው ውጤቶች ነው፤ ስለ ውሳኔዎቹ የሚሰጠው ፍርድ ግን የጸሐፊው ነው። ሦስቱን ንድፎች ጎን ለጎን ሲያዩአቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ሥራው ሲጀመር የቺፑ ግድግዳ ላይ የነበረው ኬሚስትሪ በመጨረሻ ከግድግዳው ተነሥቶ በጠርሙስ ውስጥ ባሉ ደቃቅ የማግኔት ዶቃዎች ላይ አርፏል። ጥናቱ ይህ ለምን እንደሆነ ይከታተላል።

ዳራ

ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚገድለው በተነሣበት ቦታ ሳይሆን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲሠራጭ ነው። ከሥርጭቱ መንገዶች አንዱ ደም ነው፤ ከዕጢው የተላቀቁ ሕዋሳት በደም ሥር ተጉዘው ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም አንጎል ላይ ያርፋሉ። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል። በ1869 በአውስትራሊያ የነበረ አንድ ሐኪም በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ በዕጢዎቹ ውስጥ ካሉት ጋር የሚመሳሰሉ ሕዋሳትን በአጉሊ መነጽር ማየቱን መዝግቧል።

ማግኘታቸው ግን እጅግ ከባድ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሕዋሳትና ከ4 እስከ 11 ሚሊዮን የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ጥቂት፣ አንዳንዴም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። በመጠን ብቻ መለየትም አያስተማምንም፤ አንዳንዱ የካንሰር ሕዋስ ከትልቅ ነጭ የደም ሕዋስ አይበልጥምና።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 ሴልሰርች የተባለውን መሣሪያ ሲፈቅድ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው በክሊኒክ የሚሠራ መንገድ ተገኘ። መሣሪያው 7.5 ሚሊ ሊትር ደም ወስዶ ኤፕካም የተባለውን ፕሮቲን በሚይዙ የብረት ቅንጣቶች የካንሰር ሕዋሳትን በማግኔት ይሰበስባል፤ የጡት ካንሰራቸው በተሠራጨባቸው ሴቶች ዘንድ 5ና ከዚያ በላይ ሕዋሳት መገኘታቸው የበሽታውን መክፋት እንደሚያመለክት ታይቷል። ይሁን እንጂ ደሙ ማቆያ ኬሚካል ባለበት ቱቦ ስለሚቀዳ ሕዋሳቱ በሕይወት አይገኙም፤ ከብዙ ሕሙማን የሚገኘውም ቁጥር ከመቁጠር አልፎ በሞለኪውል ደረጃ ለመመርመር የሚበቃ አልነበረም። የቦስተኑ ቡድን የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ያቀደውም ደሙን ሳያቀጥን፣ ቀዮቹን ሕዋሳት አስቀድሞ ሳያፈርስ፣ እንደተቀዳ በቺፕ ውስጥ አሳልፎ የካንሰር ሕዋሳቱን በሕይወት ለመያዝ ነበር።

ችግሩ

ደምን በቦይ ውስጥ ማሳለፍ፣ የቦዩን ግድግዳ አንቲቦዲ በተባለው፣ አንድን ዒላማ መርጦ በሚይዝ ፕሮቲን መሸፈንና የካንሰር ሕዋሱ ሲያልፍ እንዲጣበቅ ማድረግ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጥያቄው ሕዋሱ ግድግዳውን ይነካል ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦይ ውስጥ በዝግታ የሚሄድ ፈሳሽ አይናወጥም፤ ንብርብሮቹ ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ መሐሉን ይዞ የገባ ሕዋስም መሐሉን እንደያዘ ይወጣል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ሕዋስ በውሃ ውስጥ በራሱ የሙቀት እንቅስቃሴ ብቻ 25 ማይክሮሜትር እንዲርቅ ቢጠበቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ የአንቲቦዲ ሞለኪውል ግን ያንኑ ርቀት በጥቂት ሴኮንዶች ይደርሳል። የስበት ኃይል ሕዋሱን ወደ ወለሉ ቢያወርደውም ወደ ጎን ግድግዳ አያቀርበውም። በሌላ አነጋገር፣ ለፕሮቲን ወይም ለዲኤንኤ መለኪያ የሚሠራ ለስላሳ ቦይ ለሕዋስ አይሠራም፤ በፕሮቲን ላይ የተሞከረን ንድፍ ወደ ሕዋስ የሚያሻግሩ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የችግሩ ገጽታ ኃይል ነው። ፍሰቱ ሲፈጥን ጊዜ ይተርፋል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ሕዋሱን ከግድግዳው የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፣ ጥቂት የኤፕካም ሞለኪውሎች ብቻ ያሉት ሕዋስም ሳይጨብጥ ያልፋል። ፍሰቱ ሲዘገይ የመያዝ ዕድሉ ያድጋል፤ ነገር ግን ከሰውነት የወጣ ደም ለረጅም ሰዓት መቆየት አይወድም። ስለዚህ ቅርጹ ሕዋሱን ወደ ግድግዳው ማምጣት፣ ኬሚስትሪው ደግሞ በዚያች አጭር ቅጽበት መያዝ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ቺፕ፦ በዓምዶች የተሞላ ሲሊከን

በ2007 የታተመው የመጀመሪያው ንድፍ የተሠራው ከሲሊከን ነው። ወደ 19 በ51 ሚሊ ሜትር በሚሆን ስፍራ ላይ 78,000 ዓምዶች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮሜትር ቁመትና 100 ማይክሮሜትር ውፍረት አላቸው። ዓምዶቹ በሦስት ማዕዘን ሥርዓት ተደርድረው ከተወሰኑ ረድፎች በኋላ ረድፉ ወደ ጎን ፈቀቅ እንዲል ተደርጓል። ፈሳሹ ዓምዱን ዞሮ ሲያልፍ ሕዋሱም አብሮ ይዞራል፤ ነገር ግን ሕዋሱ ስፋት ስላለው ከዓምዱ አጠገብ በምታልፍ መስመር ላይ ከሆነ ጎኑ ዓምዱን መንካቱ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ያለፈውን ሕዋስ ፈቀቅ ያለው ረድፍ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል።

ቅርጹን ለማውጣት ያገለገሉት ለኤሌክትሮኒክስ ቺፖች የተፈጠሩት ዘዴዎች ናቸው። በመጀመሪያ ብርሃን በሚሰማው ሽፋን ላይ የዓምዶቹ ሥዕል በፎቶሊቶግራፊ ይታተማል፤ ከዚያ ሽፋን ያልተከለለው ሲሊከን በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል በተሞላ ጋዝ) ውስጥ ወደ ታች ይቦረቦራል። ለእንዲህ ያለ ጥልቅ ቡርቦራ የሚያገለግለው የታወቀ ዘዴ ሁለት ጋዞችን ያፈራርቃል፦ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ሲሊከኑን ይበላል፣ ፍሎሮካርቦን ጋዝ ደግሞ ጎኖቹን በቀጭን መከላከያ ይለብጣል። መፈራረቁ ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ በጎኖቹ ላይም ደቃቅ ሞገድ የሚመስሉ ጠባሳዎችን ይተዋል። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው የፍሎሮካርቦን ልባስ ካልጸዳ ቀጥሎ የሚመጣው ኬሚስትሪ በጎኖቹ ላይ አይያዝም፤ ሕዋሱ የሚነካው ደግሞ ጎኖቹን ነው። በንጹሕ ክፍል ውስጥ ቅርጹን የሚያወጣው ሰውና በኬሚስትሪ ጠረጴዛ ላይ ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው መነጋገር ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የገጹ ሥራ አራት ደረጃዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ የራሱ ባሕርይ ስላለው ዘርዘር ማድረጉ ይጠቅማል። ሲሊከን አየር ሲነካው ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ በዚህ ሽፋን ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ሲሌን ለተባለው፣ ከገጽ ጋር ለሚጣበቀው የሲሊከን ውህድ መያዣ ይሆናሉ። ቡድኑ የተጠቀመው መርካፕቶፕሮፒል ትራይሜቶክሲ ሲሌን የተባለውን፣ በአንድ ጫፉ ገጹን በሌላው ጫፉ ደግሞ የድኝ ቡድን የሚያቀርብ ሞለኪውል ሲሆን በኢታኖል ውስጥ በ4 በመቶ መጠን ተሟሙቶ ለ45 ደቂቃ ያህል በገጹ ላይ እንዲቆይ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ሲሌን ውሃ ሲበዛበት ገጹን ትቶ እርስ በርሱ ይያያዝና በቀጭን ንብርብር ፈንታ እብጠትና ጉብታ ይፈጥራል፤ ስለዚህ የኢታኖሉ ድርቀት ወሳኝ ነው። የድኝ ቡድኖቹም በአየር ውስጥ ሲቆዩ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሥራ ስለሚያቆሙ ቀጣዩ እርምጃ ሳይዘገይ መከተል አለበት።

በሁለተኛው ደረጃ ጂኤምቢኤስ የተባለ አገናኝ ሞለኪውል መጣ። የዚህ ሞለኪውል አንድ ጫፍ የድኙን ቡድን፣ ሌላው ጫፍ የፕሮቲንን አሚን ቡድን ይይዛል። አሚን የሚይዘው ጫፍ ውሃ ውስጥ እየቆየ ሲሄድ ይበላሻል፤ ለሚቀጥለው ቀን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አይቻልም። በሦስተኛው ደረጃ ኒውትራቪዲን የተባለው ፕሮቲን ተያያዘ፤ ይህ ከእንቁላል ነጭ ከሚገኘው አቪዲን የስኳር ቡድኖቹ ተወግደው የተዘጋጀ ነው፤ ስኳሩም ኤሌክትሪካዊ ሙላቱም ስለሚቀንስ ያልተፈለጉ ሕዋሳት ያን ያህል አይጣበቁበትም። በመጨረሻ ባዮቲን የተገጠመለት ፀረ-ኤፕካም አንቲቦዲ ታከለ። ባዮቲንና አቪዲን በተፈጥሮ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ ትስስሮች አንዱን ይፈጥራሉ። ይህ ጥንካሬ ኋላ ላይ ምን እንዳስከተለ ወደ ፊት ይታያል።

ደሙ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በሆነ ፍጥነት ተነዳ። በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን በዓምዶቹ አጠገብ ያለው ከፍተኛ የሸርተቴ ጫና (ፈሳሹ ገጹን እያሸ የሚገፋበት ጫና) 0.04 ፓስካል ያህል ነው፤ በጤነኛ ሰው ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ወደ 1 ፓስካልና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ ሕዋሱ ቺፑ ውስጥ የሚሰማው ኃይል በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ከለመደው በጣም ያነሰ ነበር። የተያዙት ሕዋሳት ማንነት በቀለም ተረጋገጠ፦ የኒውክሊየስ ቀለም የወሰደ፣ ሳይቶኬራቲን የተባለው የሸፋኝ ሕዋሳት ፕሮቲን ያለውና የነጭ የደም ሕዋስ ምልክት የሆነው ሲዲ45 የሌለው ሕዋስ የካንሰር ሕዋስ ተብሎ ተቆጠረ።

የሠራው

ካንሰራቸው በተሠራጨባቸው የሳንባ፣ የፕሮስቴት፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ)፣ የጡትና የአንጀት ካንሰር ሕሙማን ከተወሰዱት 116 ናሙናዎች ውስጥ በ115ቱ የካንሰር ሕዋሳት ተገኙ። ቁጥራቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 እስከ 1,281 ነበር፤ ከተያዙት ሕዋሳት ግማሽ ያህሉም የሚፈለጉት ነበሩ። ግማሽ የሚለው ቃል ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መነሻው በቢሊዮን ከሚቆጠሩት አንዱ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ውጤቱ አስገራሚ ነው።

በ2008 ደግሞ ቺፑ ከመቁጠር አልፎ ለምርመራ እንደሚበቃ ታየ። የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሆኑ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ከተያዙት ሕዋሳት በተገኘው ዲኤንኤ ኢጂኤፍአር የተባለው፣ የሕዋስን እድገት የሚያነሣሣው ጂን ለውጥ ከ12 ሕሙማን በ11ዱ ላይ ተለየ፤ ኢጂኤፍአርን የሚያግደውን መድኃኒት መላመድን የሚያስከትለው ቲ790ኤም የተባለው ለውጥም በዚሁ መንገድ ተገኘ። በተመሳሳይ ጊዜ በደም ፈሳሽ ውስጥ ነጻ ሆኖ ከሚንሳፈፈው ዲኤንኤ የተገኘው ግን ከ12ቱ የ4ቱ ብቻ ነበር። ይህን ንጽጽር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ወደ መጨረሻው ይመለስበታል።

ያልሠራው

ሲሊከን ብርሃን አያሳልፍም። በአጉሊ መነጽር ሥር ሕዋሱን ማየት የሚቻለው ከላይ በሚንጸባረቅ ብርሃን ብቻ ነው፤ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው፣ ብርሃን አልፏቸው የሚታዩት የተለመዱ ቀለሞች እዚህ አይሠሩም። በዚያ ላይ ሕዋሱ የሚጣበቀው በዓምዱ ጎን በተለያየ ከፍታ ላይ ስለሆነ ምስል ሲነሣ በየደረጃው ትኩረት መለወጥ ያስፈልጋል። በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓምዶች መካከል ይህን ማድረግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በጥልቀት መቦርቦሩም ውድ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት ለሚጣል ዕቃ ዋጋው ከባድ ነበር።

ከዚህ የጠለቀው ጉድለት ግን በኬሚስትሪው ውስጥ ነበር። ኤፕካም የሚገኘው ኤፒተልየም በሚባሉት፣ የሰውነትን የውስጥና የውጭ ገጾች በሚሸፍኑት ሕዋሳት ላይ ነው። ብዙዎቹ ካንሰሮች ከእነዚህ ስለሚነሡ ምርጫው ትክክለኛ መነሻ ነበር። ሆኖም አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ሲሠራጩ የኤፒተልየም ባሕርያቸውን እየጣሉ ኤፕካማቸውን ይቀንሳሉ፤ እንደ ሜላኖማ (የቆዳ ቀለም ሕዋሳት ካንሰር) ያሉ ከሌላ ዓይነት ሕዋስ የሚነሡ ካንሰሮች ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ግድግዳው የማያውቀው ሕዋስ ቺፑን አልፎ ወደ ቆሻሻው ዕቃ ይገባል፤ ውጤቱም ሕዋሱ እንደሌለ ተደርጎ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ቺፕ፦ የዓሣ አጥንት ጎድጓዶች

በ2010 የወጣው ሁለተኛው ንድፍ በዋናነት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉድለቶች መለሰ። ዓምዶቹ ተወገዱ፤ በምትካቸው በቦዩ ጣሪያ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ ሰያፍ ጎድጓዶች መጡ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ጎድጓዶች ጸጥ ብሎ የሚሄድን ፈሳሽ ወደ ጎን እየገፉ እንደሚያሽከረክሩት በ2002 ለኬሚካል መደባለቂያ ታይቶ ነበር። የቦስተኑ ቡድን ያደረገው ይህንኑ መሽከርከር ሕዋስን ደጋግሞ ወደ ግድግዳው ለማምጣት መጠቀም ነው።

ቺፑ የተሠራው ከመስታወትና ፒዲኤምኤስ ከተባለው ግልጽ የሲሊኮን ጎማ ነው። ቅርጹ አንድ ጊዜ በንጹሕ ክፍል ውስጥ በሞልድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው በሞልዱ ላይ እየፈሰሰና እየጠነከረ ቅጂው በተራ ላቦራቶሪ ውስጥ ይመረታል። የጎማውና የመስታወቱ ገጾች ለአጭር ጊዜ በኦክስጅን ፕላዝማ ከተነኩ በኋላ ሲገናኙ ያለ ማጣበቂያ ይያያዛሉ፤ ምክንያቱም ፕላዝማው በጎማው ገጽ ላይ ያሉትን የሜቲል ቡድኖች ወደ ሃይድሮክሲል ስለሚለውጥ ሁለቱ ገጾች በኦክስጅን ድልድይ ይጋጠማሉ። እነዚሁ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ለሲሌኑ መያዣ ስለሚሆኑ በሲሊከን ላይ የተለመደው የአንቲቦዲ ሰንሰለት እንዳለ ወደ አዲሱ ቺፕ ተሻገረ። ብልህ ምርጫ ነበር፤ ማቴሪያሉ ሲለወጥ ኬሚስትሪው አልተለወጠም።

ፒዲኤምኤስ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በፕላዝማ የተገኘው ውሃ ወዳድ ገጽ አየር ላይ ሲቆይ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ ውሃ ጠልነቱ ይመለሳል፤ ከጎማው ውስጥ ያሉ ያልተያያዙ አጫጭር ሰንሰለቶች ወደ ላይ ይወጣሉና። ስለዚህ ሲሌኑ ፕላዝማው እንዳበቃ መግባት አለበት። በዚያ ላይ ጎማው ቅባት ወዳድ የሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ይመጥጣል፤ ይህ ለሕዋስ መያዝ ብዙም ባያስቸግርም በዚያው ቺፕ ውስጥ መድኃኒት ልሞክር ለሚል ሰው እውነተኛ ችግር ነው።

ውጤቱ አጥጋቢ ነበር። በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር በሆነ ፍሰት በደም ውስጥ ከተጨመሩ የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ወደ 92 በመቶ የሚሆኑት ተያዙ፤ ካንሰራቸው ከተሠራጨባቸው 15 ሕሙማን በ14ቱ ላይ ሕዋሳቱ ተገኙ። ግልጽነቱ ደግሞ ያልታሰበ ነገር አመጣ፦ የካንሰር ሕዋሳት በነጠላ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ከዚያም በላይ ሆነው ተያይዘው እንደሚጓዙ በዓይን ታየ። በ2014 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት እነዚህ ቡድኖች ከነጠላ ሕዋሳት ይልቅ ከ23 እስከ 50 እጥፍ የሚበልጥ የመሠራጨት አቅም እንዳላቸው አሳይቷል። ቺፑን ከሲሊከን ወደ መስታወት መለወጥ የማምረቻ ዋጋ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ባዮሎጂውን ለማየት በር ከፍቷል።

የያዙትን መልቀቅ

በባዮቲንና በአቪዲን የታሰረ አንቲቦዲ በዋዛ አይለቅም። ሕዋሱን እዚያው ቀለም ቀብቶ ለመቁጠር ይህ ጥሩ ነው። አንድን ሕዋስ አውጥቶ ጂኖሙን ለማንበብ ወይም በሕይወት ለማሳደግ ሲታሰብ ግን ጥንካሬው ራሱ እንቅፋት ሆነ። ፍሰቱን ማጠንከር ሕዋሱን ይቀድደዋል፤ ትስስሩን በኢንዛይም መቁረጥ የሕዋሱን የራሱን ፕሮቲኖችም ይነካል።

ቡድኑ በ2015 ያቀረበው መፍትሔ በግድግዳውና በአንቲቦዲው መካከል ሌላ ንብርብር ማስገባት ነበር። የዓሣ አጥንቱ ቺፕ ግድግዳ በናኖሜትር ውፍረት ባለው የጄላቲን ልባስ ተሸፈነ፤ ጄላቲን በክፍል ሙቀት ጠንክሮ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ቺፑን እስከ ሰውነት ሙቀት ማሞቅ ብቻ ልባሱን ከነያዛቸው ሕዋሳት ያላቅቀዋል። አንድ ሕዋስ ብቻ ሲፈለግ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ደቃቅ ጫፍ አጠገቡ ቀርቦ የዚያን ቦታ ልባስ ብቻ እንዲለቅ ያደርጋል። በጸሐፊው ዕይታ ከሦስቱ ንድፎች ሁሉ የገጽ ሥራ ጥበብ የጎላበት እዚህ ላይ ነው፤ ልባሱ የሚለቅበት ሙቀት ሕዋሱ በሕይወት ከሚኖርበት ሙቀት ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ የተገኘ ሳይሆን ታስቦ የተመረጠ ነው። ይህም ሆኖ የኤፕካም ጥያቄ አልተፈታም። በ2013 በጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት በኤፕካም ላይ ኤችኢአር2 እና ኢጂኤፍአር የተባሉትን የሕዋስ ገጽ ፕሮቲኖች የሚይዙ አንቲቦዲዎች በመጨመር መረቡን አስፍቶ ነበር፤ በዚያም የኤፒተልየም ባሕርያቸውን የጣሉ ሕዋሳት በሽታው እየከፋ ሲሄድ እንደሚበዙ ታየ። ግን ሰፊ መረብም የሚይዘው የተጻፈለትን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቺፕ፦ የማይፈለገውን ማውጣት

በ2013 የታተመው ሦስተኛው ንድፍ ጥያቄውን ገለበጠው። የካንሰር ሕዋሱ ምን እንደሚመስል በእርግጥ ካልታወቀ፣ የደም ሕዋሳት ግን በደንብ የሚታወቁ ከሆነ፣ እነሱን አውጥቶ የቀረውን መውሰድ ይቻላል። እህል የምትለቅም ሴት ስንዴውን አንድ በአንድ ሳይሆን እንክርዳዱን እያነሣች እንደምትጥለው ማለት ነው።

አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ደሙ በረድፍ በተደረደሩ ዓምዶች መካከል ሲያልፍ ከተወሰነ መጠን የሚበልጡ ሕዋሳት በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እየተገፉ ይሄዳሉ፤ ቀይ ሕዋሳትና ፕሌትሌቶች ትናንሽ ስለሆኑ ከፈሳሹ ጋር ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ዓምዶቹ እዚህ የሚይዙት ነገር የለም፤ ቅርጻቸው ብቻ ይሠራል። በሁለተኛው ደረጃ የቀሩት ሕዋሳት በጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ በፍጥነት ሲነዱ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። በሦስተኛው ደረጃ የማግኔት መስክ ሲዲ45ንና መሰሎቹን በሚይዙ አንቲቦዲዎች አማካይነት ዶቃ የተጣበቀባቸውን ነጭ ሕዋሳት ወደ ጎን ይጎትታል፤ የማግኔት ዶቃዎቹ ስፋት 1 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ሕዋሳቱ በሰልፍ ስለሚያልፉ ጥቂት ዶቃ ብቻ የያዘ ነጭ ሕዋስም ከመስመሩ ይወጣል። መሣሪያው በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ሕዋሳትን ያስተናግዳል።

ከገጽ ሥራ አንጻር ትልቁ ለውጥ እዚህ ነው። አንቲቦዲው በዶቃው ላይ ስለሆነ በጠርሙስ ተዘጋጅቶ፣ ጥራቱ ተፈትሾና ቀዝቅዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ የቺፑ ግድግዳ የቀረበት ሥራ ምንም እንዳይጣበቅበት መሆን ብቻ ነው። ለዚህም ፕሉሮኒክ የተባለውን ፖሊመር በማሳለፊያው ፈሳሽ ውስጥ መጨመር ይበቃል። አራት ደረጃ የነበረው የግድግዳ ኬሚስትሪ ወደ አንድ መለቅለቂያ ወረደ። ግድግዳው ከሲሌን ነጻ ስለወጣም ሃይድሮክሲል የሚሰጥ ማቴሪያል መምረጥ ግዴታ አልሆነም። በ2017 ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ አካል ያዋሐደው ቺፕ ሲቀርብ ጎን ለጎን የሚሠሩ 128 የመጠን መለያዎችና ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ደቃቅ ቅርጾች ነበሩበት፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ሕዋሳት ደረሰ። እያንዳንዱን ቅርጽ በአንቲቦዲ መሸፈን ቢያስፈልግ ኖሮ እንዲህ ያለውን መጠን ማሰብም ባልተቻለ ነበር።

በባዮሎጂው በኩልም የተገኘው ትርፍ ግልጽ ነው። ሜላኖማን ጨምሮ ከ38 ናሙናዎች የተገኙ ከ2,500 የሚበልጡ ሕዋሳት ሲለኩ በመጠንም በኤፕካም ይዞታም በሕሙማን መካከልና በአንድ ሕመምተኛ ውስጥ ሳይቀር እጅግ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ሕዋሳቱ ከምንም ጋር ሳይታሰሩ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚወጡም በ2014 ከስድስት የጡት ካንሰር ሕሙማን የተገኙትን በላቦራቶሪ ማሳደግ ተችሏል። ጉድለቱ ዶቃው ያልነካቸው ነጭ ሕዋሳት ከካንሰር ሕዋሳቱ ጋር አብረው መውጣታቸው ነው። የሚወጣው ፈሳሽ እንደገና መሰብሰብና ስላይድ ላይ ማሳረፍም ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት ሕዋሳት ሊጠፉ ይችላሉ።

በክሊኒክ ምን ሆነ

ከላይ የተጠቀሰው የ2008 ጥናት ሕዋሱን መያዝ በደም ፈሳሽ ውስጥ ካለው ነጻ ዲኤንኤ የተሻለ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በ2016 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የኢጂኤፍአርን ለውጥ ከደም የሚለይ የመጀመሪያውን ምርመራ ሲፈቅድ የተፈቀደው በነጻው ዲኤንኤ ላይ የሚሠራው ነበር። በመካከል ባሉት ዓመታት ዲኤንኤን የማጉላትና የማንበብ ዘዴዎች በፍጥነት ተሻሽለዋል፤ ለእነሱ ደግሞ ልዩ ቺፕ አያስፈልግም፣ ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን መለየት ይበቃል። ይህ የቺፖቹን ሥራ ከንቱ አያደርገውም፤ አርኤንኤ፣ ፕሮቲን፣ የሕዋስ ቡድንና ሕያው ሕዋስ ከነጻ ዲኤንኤ አይገኙም። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ጨርሶ መሣሪያ ከማያስፈልገው መንገድ ጋርም እንደሚወዳደር ያሳያል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፉ ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ ከንድፍ በፊት የሚሠራ ስሌት ነው። የሚፈለገው ነገር ወደ ገጹ የሚደርሰው በምን ኃይል እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ከታወቀ ምርጡን አንቲቦዲ ፍለጋ የሚባክነው ወር ይቀራል፤ ሕዋሱ የማይነካው ገጽ ላይ ምርጡ አንቲቦዲ አይጠቅምም። በቦስተኑ ጉዳይ ከዓምድ ወደ ጎድጓድ የተደረገው ለውጥ ኬሚስትሪውን ሳይነካ አያያዙን አሻሽሏል።

መልቀቅ ከመያዝ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። የጄላቲኑ ልባስ የመጣው ከመጀመሪያው ቺፕ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው የያዘውን ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ መጀመሪያ ላይ ቢጽፍ የትስስሩን ጥንካሬ በልኩ ይመርጣል፤ ለመቁጠር ብቻ ከሆነ ባዮቲንና አቪዲን በቂ ናቸው፣ ለማሳደግ ከሆነ ግን አይደሉም።

የሙከራው ሕዋስ ምርጫም ውጤቱን ሊያሳምር ይችላል። በላቦራቶሪ የሚባዙ ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ኤፕካማቸው ከፍተኛ ነው፤ እነሱን ደም ውስጥ ጨምሮ የሚለካ የመያዝ መጠን በሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ሊርቅ ይችላል። ኤፕካማቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕዋሳትን ጨምሮ መፈተሽ፣ በቺፑ ውስጥ አልፎ የወጣውን ፈሳሽም ሳይጥሉ በሌላ ዘዴ መመርመር ያመለጠውን ያሳያል። የተለያዩ መሣሪያዎች የሚያወጡትን ቁጥር ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የካንሰር ሕዋስ ተብሎ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ እያንዳንዱ በራሱ መስፈርት ይወስናልና።

ኬሚስትሪውን የት ማስቀመጥ እንደሚገባ የሚለው ጥያቄ ግን፣ በጸሐፊው ግምት፣ ከሁሉም ይበልጣል። በግድግዳ ላይ የሚተከል ኬሚስትሪ እያንዳንዱ ቺፕ ሲመረት እንደገና መሠራት፣ መፈተሽና ሳይበላሽ መቆየት አለበት፤ ግድግዳው ሲሊከን፣ መስታወት ወይም ጎማ መሆን አለመሆኑንም ይወስናል። በዶቃ ወይም በፈሳሽ ላይ ያለ ኬሚስትሪ ከቺፑ ተለይቶ ይመረታል፤ አንቲቦዲውን ለመለወጥም ቺፑን መንካት አያስፈልግም። በአንጻሩ ዶቃው ማግኔት፣ ሰልፍና ተጨማሪ የማዘጋጃ ጊዜ ይጠይቃል። ጥቂት ናሙናዎችን ለሚመረምር አነስተኛ ላቦራቶሪ የዓሣ አጥንቱ ቺፕ በሲሌንና በአንቲቦዲ ተሸፍኖ ዛሬም የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ማስተናገድ ሲሆን ግን ግድግዳውን ባዶ ትቶ ኬሚስትሪውን ወደ ጠርሙሱ ማዛወሩ ያዋጣል።